መጽሐፈ ሄኖክና የባዕዳን አንባቢዎቹ

መጽሐፈ ሄኖክ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ አሥራው መጻሕፍት እንደ አንዱ ተቆጥሮ፣ በብራና ተገልብጦ፣ በማኅደር ተሰቅሎ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የኖረ በመሆኑ፣ መኖሩ ብቻውን ለአገሩ ልጆች የሚያስገርም ነገር ሆኖ አልታየም። በባሕር ማዶ ባሉት ሊቃውንት ዘንድ ግን ይህ መጽሐፍ ስሙ ቀርቶ አካሉ የጠፋ፣ ሙሉውን ከሺህ ዓመት በላይ በዓይኑ ያየ ሰው ያልተገኘለት፣ ከርሱ የተረፉትም ጥቂት ቁራጮች በንቀት የሚታዩ ነበሩ። እነዚህ ሊቃውንት በመጀመሪያ መጽሐፉን ሳያዩ መፍረዳቸው፣ በኋላም ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ጥርጥራቸውን ሳይጥሉ ብራናውን ገልጠው የሚለውን እስከ መጨረሻው ሊሰሙት መቁረጣቸው፣ በንባብ ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ የሚገባው ነገር ይመስለኛል፤ ስለዚህም ታሪኩን ከሥሩ ጀምሬ ለመተረክ አስቤአለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 5 ሄኖክ 365 ዓመት ከኖረ በኋላ እግዚአብሔር ስለ ወሰደው እንዳልተገኘ ተጽፎ ነገሩ በዚሁ ይቆማል። በስሙ የሚጠራው መጽሐፍ ግን ሄኖክ በሰማይ ያየውን በ108 ምዕራፍ ይዘረዝራል። በዚያ 200 መላእክት ወደ ደብረ አርሞን ወርደው የሰውን ሴቶች ልጆች እንዳገቡ፣ ከእነርሱም አንዱ አዛዝኤል ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ አምባርና ጌጥ ማበጀትን፣ ዓይን መኳልንም ለሰው ልጅ እንዳስተማረ ይነገራል፤ መልአኩ ዑርኤል የፀሐይንና የጨረቃን መግቢያና መውጫ ለሄኖክ ያሳየዋል፤ የእስራኤልም ታሪክ በእንስሳት አምሳል፣ በበሬና በበግ፣ በተኩላና በንስር ተመስሎ እስከ መጨረሻው ቀን ይተረካል። ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ ስለ ፍርድ ቀን ሲናገር የሄኖክን ትንቢት ስሙን ጠርቶ መጥቀሱ መጽሐፉ በሐዋርያት ዘመን ይነበብ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ጥርጥሩ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። በሰሜን አፍሪቃ በካርታጎ የነበረው ተርቱልያኖስ፣ ሰዎች ይህ መጽሐፍ ከጥፋት ውኃ በፊት ከተጻፈ እንዴት ሊተርፍ ቻለ ብለው ሲጠይቁ፣ ኖኅ የቅድመ አያቱን ቃል ጠብቆ ሊያቆየው ይችል እንደ ነበረ በመናገር ተሟገተለት። ከርሱ 200 ዓመት ያህል ቆይቶ የተነሣው ቅዱስ አውግስጢኖስ ግን፣ ሄኖክ አንዳች ነገር መጻፉን ሐዋርያው ይሁዳ ስለ መሰከረ ሊክደው ባይደፍርም፣ በስሙ የሚዞረው ጽሑፍ ከዘመኑ ርቀት የተነሣ እውነተኛነቱ ሊረጋገጥ እንደማይችል አድርጎ ከቅዱሳት መጻሕፍት ውጭ አደረገው። የአውግስጢኖስ ፍርድ በምዕራቡ ዓለም ጸና። ያልተነበበ መጽሐፍ አይገለበጥም፣ ያልተገለበጠም ብራና ይበሰብሳልና፣ ጥቂት መቶ ዓመታት ሲያልፉ መጽሐፈ ሄኖክ ከአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ፈጽሞ ጠፋ፤ በ800 ዓ.ም. ገደማ በቁስጥንጥንያ የነበረው ጊዮርጊስ ሴንኬሎስ በታሪክ ድርሳኑ ውስጥ ካስገባቸው ጥቂት የጽርዕ ጥቅሶች በቀር እዚህ ግባ የሚባል ነገር አልቀረም።

በዚህ ሁሉ ዘመን መጽሐፉ በኢትዮጵያ ነበረ። ከጽርዕ ወደ ግእዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን ሲሆን፣ ዛሬ ከሚታወቁት የግእዝ ግልባጮች የቀደሙት ከ15ኛው መቶ ዓመት ገደማ ስለሆኑ፣ በመካከሉ ባለው ሺህ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ስማቸው ያልተመዘገበ ጸሐፊዎች ያረጀውን ብራና በአዲስ እየተኩ፣ በመቃ ብርዕ ቃል በቃል እየገለበጡ ያቆዩት መሆኑ ግልጽ ነው። በኢትዮጵያም ቢሆን ክርክር አልጠፋም፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት) መጽሐፈ ሚላድ በተባለው ድርሰታቸው መጽሐፈ ሄኖክን ለማይቀበሉ ሰዎች መልስ ሲሰጡና ቃሉን በሰፊው ሲጠቅሱ ይገኛሉ። ነገር ግን የኢትዮጵያ ክርክር መጽሐፉን በእጅ ይዞ የሚደረግ ክርክር ነበረ። የጉባኤ ቤቱ ሥርዓትም ይህንኑ ያስገድዳል፤ ከተማሪዎቹ አንዱ መጽሐፉን ዘርግቶ ንባቡን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያሰማል፣ መምህሩ ከመምህራቸው በቃል የተቀበሉትን ትርጓሜ በዚያ ንባብ ላይ «አንድም» እያሉ ያወርዱታል፣ ሌሎቹም ተቀምጠው ያደምጣሉ። ትርጓሜው እስከ ፈለገው ድረስ ቢለያይ፣ ንባቡ ሳይሰማ ስለ ንባቡ የሚናገር ሰው በዚያ ስፍራ የለም።

በአውሮፓ የሄኖክ ስም እንደገና የተነሣው ዮሴፍ ስካሊገር የተባለው የዘመን ቆጠራ ሊቅ በ1606 የሴንኬሎስን ጥቅሶች ባሳተመ ጊዜ ነው፤ ስካሊገር ራሱ ግን ያሳተመውን ነገር ተረት አድርጎ ናቀው። ከዚያ በኋላ በደቡብ ፈረንሳይ በኤክስ ከተማ ይኖር የነበረው የመጻሕፍት ወዳጅ ፔሬስክ፣ በግብፅ ብዙ ዓመት ከተቀመጠ አንድ የካፑቺን መነኩሴ ኢትዮጵያውያን መጽሐፈ ሄኖክ እንዳላቸው ሰማና፣ በብዙ ገንዘብና በብዙ ድካም የሄኖክ ነው የተባለውን አንድ የግእዝ ብራና አስመጣ። ፔሬስክ በ1637 ሲሞት ብራናው ወደ ካርዲናል ማዛረን ቤተ መጻሕፍት፣ ከዚያም በፓሪስ ወዳለው የንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ ግእዝ የሚያነብ ሰው ስላልነበረም የአውሮፓ ሊቃውንት መጽሐፈ ሄኖክ ተገኘ እየተባባሉ ሳይከፍቱት ብዙ ዘመን አለፈ።

ያን ብራና ሊያነብ የሚችለው ሰው የኤርፉርት ተወላጅ የሆነው ኢዮብ ሉዶልፍ ነበረ። ሉዶልፍ ግእዝና አማርኛን የተማረው በአምሐራ ከመካነ ሥላሴ ከሄዱት ከአባ ጎርጎርዮስ ነው፤ በ1649 በሮም በሐበሾቹ ገዳም በቅዱስ እስጢፋኖስ ተገናኙ፣ በ1652ም አባ ጎርጎርዮስ በጎታው መስፍን በኤርንስት ተጋብዘው ወደ ጀርመን አገር ሄደው አብረው ሠሩ። ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያ የሚግባቡበት ቋንቋ እንኳ አጥተው ተቸግረው ነበርና፣ ከዚያ ተነሥቶ ሉዶልፍ በ1661 የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681ም የኢትዮጵያን ታሪክ እስከ ማሳተም መድረሱ የትዕግሥቱንና የመምህሩን ልክ ያሳያል። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 በእስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ።

ሉዶልፍ የፔሬስክን ብራና በፓሪስ ያየው በ1683፣ መምህሩ ከሞቱ ከ25 ዓመት በኋላ ነው። ብራናው መጽሐፈ ሄኖክ እንዳልሆነ ወዲያው ተገነዘበ፤ አባ በኃይለ ሚካኤል የጻፉት መጽሐፈ ምሥጢረ ሰማይ ወምድር ነበረና። በዚህ ረገድ ፍርዱ ትክክል ነበረ፤ የማያነቡ ሰዎች በተሳሳተ ስም ሲያከብሩት የነበረውን ነገር በንባብ አጋለጠ። ያሳዘነኝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። በፊቱ የተገለጠውን የአባ በኃይለ ሚካኤልን ድርሰት የተረት ክምር አድርጎ በብርቱ ቃል ነቀፈው፤ ይህም ነቀፋው ባላየው በእውነተኛው መጽሐፈ ሄኖክ ላይ ጭምር ጥላ ጣለ፤ ግእዝ ዐዋቂው ሉዶልፍ ተስፋ ከቆረጠ ሌላ ማን ይፈልጋል በማለት የአውሮፓ ሊቃውንት ነገሩን እርግፍ አድርገው ተዉት። በጎታ ሳለ ያልገባውን ሁሉ ለአባ ጎርጎርዮስ እያቀረበ ይጠይቅ የነበረ ሰው፣ በፓሪስ የሚጠይቀው አልነበረውም። ሉዶልፍ ለግእዝ ያደረገው ውለታ እጅግ ትልቅ ስለሆነ ይህን የምጽፈው ስሙን ለማጉደፍ ብዬ አይደለም፤ ነገር ግን ያንኑ የመሰለ ሊቅ እንኳ መምህር ሳይኖረው ብቻውን ከብራናው ፊት በተቀመጠ ጊዜ መሰልቸት እንዴት ቶሎ ወደ ፍርድ እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

እውነተኛው መጽሐፍ ወደ አውሮፓ የተሻገረው ከ90 ዓመት በኋላ በስኮትላንዳዊው በጄምስ ብሩስ እጅ ነው። ብሩስ በ1769 በምጽዋ ገብቶ፣ በ1770 ጎንደር ደርሶ፣ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በስናርና በግብፅ በኩል ሲመለስ፣ ካከማቻቸው ብራናዎች መካከል 3 የመጽሐፈ ሄኖክ ግልባጮች ነበሩ። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ ሁለተኛውን በኦክስፎርድ ላለው ለቦድሊ ቤተ መጻሕፍት አበረከተ፤ ሦስተኛው ለራሱ ባስቀራቸው የብሉይ መጻሕፍት ውስጥ ልክ ከመጽሐፈ ኢዮብ በፊት ተጽፎ የሚገኝ ሲሆን፣ የአበሾቹ ሥርዓት ይህ መሆኑን ብሩስ አስተውሎ መዝግቦታል። ለንደን ግን ብሩስን በክብር አልተቀበለችውም፤ ስለ ጥሬ ሥጋና ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት የነገራቸውን ሁሉ እንደ ፈጠራ ቆጠሩበት፤ የጉዞውን መጽሐፍ በ1790 ሲያሳትምም ብዙዎች አላመኑትም። ባለቤቱ ያልታመነ መጽሐፍ አንባቢ አያገኝምና፣ ካርል ዎይዴ የተባለው ሊቅ ወደ ፓሪስ ገስግሶ የንጉሡን ግልባጭ ከመቅዳቱና፣ ሲልቬስትር ዴ ሳሲ በ1800 ጥቂት ምዕራፎችን በላቲን ከማሳተሙ በቀር፣ ብራናዎቹ ሳይነኩ ዓመታት ተቆጠሩ።

የኦክስፎርዱን ግልባጭ ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ የቆረጠው በዚያው ዩኒቨርሲቲ የዕብራይስጥ መምህር የነበረው ሪቻርድ ሎሬንስ ነው። ሎሬንስ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን ስለሆነ መጽሐፈ ሄኖክ በርሱ ዘንድ ከቅዱሳት መጻሕፍት አይቆጠርም፤ በጥንቱ አባት እጅ እንደ ተጻፈም አላመነም፤ ይህንንም አልሸሸገም። በሌላ በኩል መጽሐፉ ስለ መሲሕ ምን እንደሚል ለማወቅ የራሱ ምክንያት ነበረው፤ በዘመኑ ምሥጢረ ሥላሴን ከሚክዱ ወገኖች ጋር ይከራከር ነበርና፣ ከክርስቶስ በፊት የነበሩ አይሁድ ስለ መሲሕ ቅድምና የጻፉት ቢገኝ ለክርክሩ ይበጀዋል። እንግዲህ ሎሬንስ ከምንም ነገር የጸዳ አንባቢ ነበረ ማለት አይቻልም፤ እንዲህ ያለ አንባቢም ያለ አይመስለኝም። ከቀደሙት የሚለየው ፍርዱን ከንባቡ በኋላ ማድረጉ ነው። በ1819 ዕርገተ ኢሳይያስን ከግእዙ ጋር አሳትሞ እጁን ካፍታታ በኋላ፣ ከሉዶልፍ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በቀር ብዙ መሣሪያ በሌለበት ጊዜ፣ በ1821 የመጽሐፈ ሄኖክን ሙሉ ትርጉም በእንግሊዝኛ አወጣ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፦ ሄኖክን ተስፋ የቆረጠበት ሉዶልፍ ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት ለሎሬንስ መጽሐፉን ከፈተለት፤ በዚያም መዝገበ ቃላት ውስጥ ያለው ዕውቀት የመካነ ሥላሴው መነኩሴ በጎታ ተቀምጠው ያስተማሩት ነው።

ሎሬንስ ግእዙን ሴንኬሎስ ከጠበቃቸው የጽርዕ ጥቅሶች ጋር ባስተያየ ጊዜ አንድ መሆናቸውን አየ፤ ሐዋርያው ይሁዳ የጠቀሰውንም ትንቢት በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ በቦታው አገኘው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ብራና የጥንቱ መጽሐፍ ራሱ ነው፣ የጻፈውም ከክርስቶስ ስብከት በፊት የነበረ አይሁዳዊ ነው ብሎ ደመደመ። ከዚያም በየት አገር ተጻፈ ወደሚለው ጥያቄ አለፈ፤ ነገሩን የፈታበት መንገድ የንባቡን ትጋት ስለሚያሳይ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል።

በምዕራፍ 72 ፀሐይ በምሥራቅ በ6 ኆኅት ወጥታ በምዕራብ በ6 ኆኅት እንደምትገባ፣ ሌሊትና ቀን ተደምረው 18 ክፍል እንደሆኑ፣ ቀኑ እየረዘመ ሄዶ 12 ክፍል ሲደርስ ሌሊቱ 6 ክፍል ብቻ እንደሚቀር፣ ከዚያም እንደሚመለስ ተጽፏል። ብዙ አንባቢ ይህን የመሰለ ምዕራፍ ቁጥሩ ስለሚያሰለች ይዘልለዋል፤ ሎሬንስ ግን ሒሳቡን አሰላ። ከ18 ክፍል 12ቱ የ24 ሰዓት 16 ሰዓት ይሆናል፤ ረጅሙ ቀን 16 ሰዓት የሚደርሰው ደግሞ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ርቆ ወደ 49 ዲግሪ በተጠጋ አገር ነው፤ ኢየሩሳሌም ከ14 ሰዓት ብዙ አያልፍም፣ መጽሐፉ የተገኘበት ጎንደርም 13 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ጸሐፊው ከአሦር ምርኮ ወዲህ ወደ ሰሜን ከተበተኑት ነገደ እስራኤል ወገን ሆኖ በካስፒያንና በጥቁር ባሕር አካባቢ የኖረ መሆን አለበት አለ። ድምዳሜው ዛሬ የሚቀበለው የለም፤ የባቢሎን የሸክላ ጽሑፎች ከተነበቡ ወዲህ ረጅሙን ቀን የአጭሩ ሌሊት እጥፍ አድርጎ መቁጠር የጥንት ባቢሎናውያን የኮከብ ሊቃውንት ልማድ እንደ ነበረና፣ የመጽሐፉም ሒሳብ ከዚያ የመጣ መሆኑ ታውቋልና። ሆኖም ሎሬንስ የሳተው መጽሐፉ የሚለውን ቁጥር እንደ ቁም ነገር ቆጥሮ በመመርመሩ ነው፤ ባይመረምረው ኖሮ ከርሱ በኋላ የመጡት ያንን ጥያቄ አያነሡትም ነበር። እኔ የስካሊገርን ንቀት ከሎሬንስ ስሕተት ጋር አላስተካክለውም።

ከዚህ በኋላ ሥራው ፈጠነ። ሎሬንስ በ1838 የግእዙን ንባብ አሳተመ፤ ጀርመናዊው አውግስጦስ ዲልማን 5 ብራናዎችን አመሳክሮ በ1851 የተሻለ ንባብ፣ በ1853 የጀርመንኛ ትርጉም አወጣ፤ አየርላንዳዊው ሮበርት ቻርልስም በ1893 ትርጉሙን፣ በ1906 ከ20 በላይ ብራናዎች ያመሳከረበትን ንባብ አሳተመ። በግብፅ በአኽሚም ከአንድ መቃብር የወጣ የጽርዕ ብራና በ1892 ሲታተም የመጀመሪያዎቹን 32 ምዕራፎች የያዘ ሆኖ ተገኘና ለግእዙ ምስክር ሆነ።

ትልቁ ምስክር የመጣው ከሙት ባሕር ነው። በ1952 በቁምራን በ4ኛው ዋሻ ከተገኙት በሺህ የሚቆጠሩ ቁርጥራጮች መካከል ፖላንዳዊው ካህን ዮሴፍ ሚሊክ የመጽሐፈ ሄኖክን የአራማይስጥ ቁራጮች ለየ፤ በ1976 ሲያሳትማቸውም ከ11 ጥቅልሎች የተረፉ መሆናቸው፣ የቀደሙትም ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 200 ዓመት ገደማ የተጻፉ መሆናቸው ታወቀ። ሐዋርያው ይሁዳ የጠቀሰው ትንቢት ከእነዚያ ቁራጮች በአንደኛው ላይ ተቆራርጦም ቢሆን ይታያል። ቁርጥራጮቹ በአብዛኛው የመዳፍ ያህል እንኳ የማይሞሉ፣ ዳራቸው የተበላ፣ ብዙው መሥመር የጎደለ ስለሆነ ጎዶሎውን መሙላት የሚቻለው የግእዙን ሙሉ ንባብ ከጎን ዘርግቶ ነው፤ ሚሊክም ያደረገው ይህንኑ ነው። ተርቱልያኖስ የተሟገተለትን፣ አውግስጢኖስ ከዘመን ርቀቱ የተነሣ የተጠራጠረውን መጽሐፍ ጥንታዊነት የሚጠራጠር ሰው ከዚያ ወዲህ የለም።

የቀረው ክርክር ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ባለው፣ ምሳሌያት በሚባለው ክፍል ላይ ነው። ሎሬንስን ከሁሉ ይልቅ የማረከው፣ ስለ ወልደ ሰብእ የሚናገረው ክፍል ይህ ሲሆን፣ በቁምራን አንዲት ቁራጭ እንኳ አልተገኘለትም። ሚሊክ ከዚህ ተነሥቶ ክርስቲያኖች ዘግይተው የጻፉት ነው ቢልም፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት አልተከተሉትም፤ በክርስቶስ ልደት ዘመን ገደማ የነበረ አይሁዳዊ ሥራ ነው ይላሉ። ምሳሌያት በጽርዕም ሆነ በአራማይስጥ ስለማይገኝ፣ የሚከራከረው ሁሉ ሊጠቅስ የሚችለው የግእዙን ብራና ብቻ ነው። የዚህንም ክፍል መዝጊያ በተመለከተ የባዕዳን ንባብ ገና ያልጨረሰው ሥራ አለበት። በምዕራፍ 71 መልአኩ ወደ ሄኖክ መጥቶ ሄኖክን ራሱን በሁለተኛ መደብ እያናገረ ወልደ ሰብእ መሆኑን ይነግረዋል፤ ይህ አባባል ከቀደሙት ምዕራፎች ጋር ስላልገጠመለት ቻርልስ ንባቡ ተበላሽቷል ብሎ በትርጉሙ ውስጥ ሁለተኛውን መደብ ወደ ሦስተኛ መደብ ለወጠው፤ ከ20 በላይ ብራናዎችን በትጋት ያመሳከረ ሰው በዚህ ስፍራ የብራናዎቹን ቃል ትቶ የራሱን ግምት አስገባ። ማይክል ኒብ በ1978 ባሳተመው አዲስ ትርጉም የብራናዎቹን ንባብ ወደ ስፍራው መለሰው፤ ሄኖክ እንዴት ከፀሐይና ከከዋክብት በፊት ስሙ የተጠራው ወልደ ሰብእ ሊባል እንደሚችል ግን እስከ ዛሬ ሊቃውንቱ አልተስማሙበትም፤ በአገራችን መምህራን ዘንድ የሚነገረውን ትርጓሜ ተቀምጠው የጠየቁትም ከመካከላቸው ጥቂቶች ናቸው።